ኦርጋንን ከውስጡ ስለማውቀው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ሠርግ ሙዚቃ ባወጣችሁት ጽሑፍ ኦርጋን ትናንት የመጣ፣ ታሪክም ነፍስም የሌለው ዕቃ ተደርጎ ቀርቧል። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ክራርና ማሲንቆ ከሠርግ ቤት እየራቁ መሄዳቸው እኔንም ያንገበግበኛል፤ የአምባሰልና የባቲ አገር ሰው ነኝና። ኦርጋን፣ ማለትም በየሠርግ ቤቱ የምናየው ኪቦርድ፣ ግን የሌለው ስም ተሰጥቶታል፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ደሴ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴፕና ኪቦርድ ስጠግን ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖኛል። ጥር አልፎ ሠርጉ ጋብ ሲል ሱቄ በኪቦርድ ይሞላል። የአብዛኞቹ ሕመም አንድ ነው፤ ቢራ ወይም ለስላሳ ፈስሶባቸው ቁልፎቻቸው አልጫን ብለዋል። ብሎኖቹን ፈትቼ ቁልፎቹን ሳነሣ ከሥራቸው ረጅም የጎማ ንጣፍ ይወጣል። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ጎማው እንደ ትንሽ ጉልላት ያበጠ ነው፤ ከጉልላቱ ውስጥ ምስር የምታህል ጥቁር ካርቦን ተለጥፋለች። ጣት ሲጫን ካርቦኗ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ታገናኛለች፣ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፣ ድምፁ ይወጣል። አልኮል በነካው ጥጥ እሷን ስጠርግ ነው የምውለው።

ጣትንና ድምፅን በኤሌክትሪክ የማገናኘቱን ሥራ በኦርጋን ላይ ሩቅ ከወሰዱት ሰዎች ዋነኛው የስልክ ሠራተኛ ነበር። በ1859 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተወለደው ሮበርት ሆፕ ጆንስ በስልክ ኩባንያ የኤሌክትሪክ ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። ከዚያ በፊት በተለመደው የቧንቧ ኦርጋን፣ ማለትም ንፋስ በየቧንቧው ሲገባ እንደ ዋሽንት ድምፅ በሚያወጣው ትልቅ መሣሪያ፣ የተጫዋቹ ጣት በእንጨት ዘንጎች አማካይነት የየቧንቧውን መክደኛ ይስብ ነበር፤ ትልቅ ኦርጋን ላይ መጫወት ጉልበት ይጠይቃል፣ ተጫዋቹም ከቧንቧዎቹ ሊርቅ አይችልም። ሆፕ ጆንስ ከቁልፉ ሥር የኤሌክትሪክ መገናኛ አደረገ። ቁልፉ ሲጫን ደካማ ኤሌክትሪክ በሽቦ ይሄዳል፣ ትንሽ ማግኔት የንፋሱን በር ትከፍታለች፣ ቀሪውን ንፋሱ ራሱ ይሠራዋል። እኔ ይህን ያነበብኩ ቀን የሙያ ወንድሜን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ሰውየው በ1903 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፣ በ1910 ደግሞ ውርሊትዘር ከተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካ ጋር ሆነ። በዚያን ጊዜ ፊልም ድምፅ አልነበረውም፤ ለትልልቅ ሲኒማ ቤቶች በየምሽቱ ሙሉ የሙዚቃ ጓድ መቅጠር ደግሞ ውድ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን የሙዚቃ ጓዱን ሥራ የሚሠራበት ኦርጋን ተፈለገ። ሆፕ ጆንስ የሥራውን ፍሬ ሳያይ በ1914 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ፋብሪካው ከ2,200 በላይ የሲኒማ ኦርጋኖችን ሠርቶ ሸጧል።

ተመልካቹ የሚያየው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተደረደረውን መጫወቻ ብቻ ነው፤ በብዙ ቦታ ከመድረኩ ፊት ካለው ጉድጓድ በአሳንሰር ብቅ ይል ነበር። ቧንቧዎቹ ከግድግዳው ጀርባ በተሠሩ ክፍሎች ውስጥ ናቸው። ከእርሳስ የማይበልጡ አሉ፣ ከአንድ ፎቅ ቤት የሚረዝሙም አሉ። በክፍሉና በአዳራሹ መካከል እንደ መስኮት የሚከፈቱና የሚዘጉ የእንጨት መዝጊያዎች አሉ፤ ተጫዋቹ በእግሩ ሲከፍታቸው ድምፁ ይጎላል፣ ሲዘጋቸው ይርቃል። ከበሮውም ጸናጽሉም እውነተኛ ነው፤ የሚመታው ንፋስ ነው። የወፍ ዝማሬ ሲያስፈልግ ጫፉ ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ የተዘቀዘቀ ትንሽ ፊሽካ አለ፤ ንፋሱ ሲገባበት ውሃው እየፈላ ያንጫጫዋል። ነጎድጓድ፣ የባቡር ፉጨት፣ የፈረስ ግልቢያ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ ሁሉም የየራሱ ቁልፍ ነበረው። ዛሬ ሠርግ ቤት የምታዩት ኪቦርድ ውስጥ የወፍ፣ የባሕር ሞገድና የጭብጨባ ድምፅ ለምን እንደተጨመረ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። እኔ የሲኒማው ኦርጋን ርዝራዥ ነው እላለሁ። የቁልፎቹ ቁጥር እንኳ አልተለወጠም፤ የዚያ ኦርጋን አንዱ የቁልፍ ረድፍ 61 ነው፣ የብዙዎቹ የሠርግ ኪቦርዶችም 61 ነው።

አዳራሽ ያለ ድምፅ ምን እንደሚሆን በዓይኔ ስላየሁ ልመስክር። አባቴ ደሴ ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት ማሽን ያዥ ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ የፊልም ቆርቆሮዎቹን ተሸክሜ ወደ ማሽን ቤት እወጣለሁ። አንድ ምሽት የህንድ ፊልም እየታየ፣ ልጅቷ መዝፈን እንደጀመረች ድምፁ ጠፋ። ከፊልሙ ዳር ሦስት ሚሊ ሜትር የማትሞላ የድምፅ መስመር አለች፤ በእሷ ላይ የምታበራው ትንሽ አምፖል ተቃጥላ ነው። ልጅቷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ የሚሰማው የማሽኑ ጠቅጠቅታ ብቻ ሆነ። አዳራሹ አፏጨ፣ «ድምፅ! ድምፅ!» እያለ ወንበር ደበደበ። ከዚያ ከሦስተኛ ማዕረግ አንድ ሰው ዜማውን ጀመረው። ፊልሙ ለሳምንታት ስለታየ ሁሉም ያውቀዋል፤ ቃሉን ሳያውቅ አዳራሹ በሙሉ ተቀበለው። አባቴ የጋለውን አምፖል በጨርቅ ይዞ ሲፈታ ጣቱ ተቃጠለ፣ ግን እየሳቀ ነበር። አዲሱን አምፖል ከገጠመ በኋላ እንኳ ሰዉ ዘፈኑን እስኪጨርስ ድምፁን ሳይከፍት ቆየ።

እንግዲህ የሲኒማ ኦርጋን ተጫዋቾችን ከሥራቸው ያወጣው በፊልም ላይ የመጣው ድምፅ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሚናገር ፊልም ገበያውን ከያዘ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሙዚቀኞች ከሲኒማ ቤት ተሰናበቱ። ኦርጋኖቹ ተፈቱ፣ ተሸጡ፤ ቤተ ክርስቲያን የገቡም አሉ። ሁሉም ግን አልሞቱም። በኒው ዮርክ ሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ በ1932 የተተከለው ዛሬም ይጫወታል። በእንግሊዟ ብላክፑል ከተማ በአንድ የጭፈራ አዳራሽ ሬጂናልድ ዲክሰን የተባለው ተጫዋች ከ1930 ጀምሮ አርባ ዓመት ሕዝብ አስጨፍሯል፤ እዚያ አዳራሽ አሁንም በኦርጋን ይጨፈራል።

«ትናንት የመጣ» ለተባለው፣ ኦርጋን የተወለደው በእስክንድርያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ክቴሲቢዮስ የተባለ፣ የፀጉር አስተካካይ ልጅ እንደነበር የሚነገርለት ብልኅ ሰው በውሃ ግፊት ንፋሱን የሚያረጋ ኦርጋን ሠራ። በእኛም አገር ቢሆን፣ በ1520 እ.ኤ.አ. የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ለዐፄ ልብነ ድንግል ካመጡት ስጦታ መካከል ኦርጋን እንደነበረበት አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፏል። ስሙ አዲስ አይደለም።

«ነፍስ የሌለው» የተባለው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ከነከነኝ። የሲኒማው ተጫዋች ዓይኑ ሸራው ላይ ነበር፤ ተዋናይዋ ስታለቅስ አብሮ ይቀንሳል፣ ፈረሰኛው ሲመጣ ይነሣል። የእኛም ኦርጋን ተጫዋች እጁን አያይም። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ፣ እናትየዋ እንባዋን ስትጠርግ፣ ሚዜዎቹ ሲጀምሩ ያያል፤ ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ የሚሻገርበትን ቅጽበት የሚነግረው ማሽኑ አይደለም።

ጽሑፋችሁ በወጣበት ቀን አንድ ወጣት የጠገንኩለትን ኪቦርድ ሊሞክር መጣ። «ቲያትር ኦርጋን» የሚል ድምፅ በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ በዚያ ትዝታን እንዲጫወትልኝ ለመንኩት። ያ የሚንቀጠቀጥ ረጅም ድምፅ ሲወጣ ከመንገዱ ማዶ ቡና የምታፈላው እናት ማራገቢያዋን አስቀምጣ ቆመች። ልጁ «ጋሼ፣ ይህ የምን ቲያትር ነው?» አለኝ። በቃል የቻልኩትን ያህል ነገርኩት፤ ቧንቧ ከግድግዳ ጀርባ ሲጮኽ ሊታየው ግን አልቻለም።

ስለዚህ አዘጋጆች፣ እርማቱን ባታወጡ እንኳ የሲኒማ ኦርጋን የቧንቧ ክፍል የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ አትሙልን። ቆርጬ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ እለጥፈዋለሁ፤ ልጁ ሚያዝያ ላይ ኮምቦልቻ ሠርግ ስላለው ከዚያ በፊት ተመልሶ ይመጣል።

የሬዲዮና የኪቦርድ ጠጋኝ
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ