ጉዳዩ፦ ስልክ ቁጥሮቼን በሱቁ ጂሜይል ውስጥ ስለማስገባታችሁ የቀረበ ቅሬታ

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለሞባይል ሽያጭና ጥገና ሱቁ ባለቤት

ጤና ይስጥልኝ።

በቅርቡ ከሱቃችሁ ስልክ ቀይሬያለሁ። አሮጌውን ሰጥቼ፣ ልዩነቱን ጨምሬ። በስልኩ ቅር አላለኝም፤ ባትሪውም ካሜራውም ጥሩ ነው። ቅር ያለኝ ቁጥሮቼን ባዛወራችሁበት መንገድ ነው።

ሥራዬ ጣና ላይ እንግዳ ማስተናገድ ነው። ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ አንዳንዴም እስከ ጎርጎራ ጀልባ አገናኛለሁ። ቢሮ የለኝም፤ ያለኝ ስልክ ነው። አሮጌው ላይ ከስድስት መቶ በላይ ቁጥር ነበረኝ። ስመዘግብ ቦታውን አስቀድማለሁ፣ ከዚያ ሥራውን፣ ከዚያ ስሙን። «ዘጌ» ብዬ ስጽፍ የዘጌ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ይመጣልኛል። ለዓመታት የሠራልኝ ዘዴ ነው።

ሠራተኛችሁ ግን ቁጥሮቹን መጀመሪያ ሲም ካርዱ ላይ ገለበጣቸው። ሲም ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው 250 ያህል ስም ነው። ለስም የሚሰጠው ቦታም ጠባብ ነው። የአማርኛ ፊደል ደግሞ እዚያ ላይ የሁለት የላቲን ፊደል ቦታ ስለሚወስድ ስሙ ገና ሳይጀመር ይቆረጣል። አሁን ስልኬን ብትከፍቱ «ዘጌ ጀልባ» የሚል ብቻ ተደርድሮ ታያላችሁ። የትኛው የማን እንደሆነ የሚለየው ደውሎ ድምፅ መስማት ነው። ሲሙ ያልያዘው ቀረ፤ አሮጌውን ስልክ እዚያው ሪሴት አድርጋችሁ የነበረበትን ሁሉ አጥፍታችሁታል። ቁጥሮቹን በቪሲኤፍ፣ ማለትም ስምና ቁጥሩን ሁሉ ሳይቆርጥ በአንድ በሚይዝ ፋይል አውጥቶ ወደ አዲሱ መላክ እኮ የደቂቃዎች ሥራ ነበር።

ይህንንስ ችዬ ቀስ በቀስ አስተካክለው ነበር። የባሰው ሌላ ነው። የራሴ ጂሜይል እያለኝ፣ ሳልጠየቅ፣ ስልኬን በሱቃችሁ ጂሜይል ከፈታችሁት፤ ሲሙ ላይ የነበሩትንም ቁጥሮች ወደዚያው አዛወራችኋቸው። ለሌሎች ደንበኞችም የምታደርጉት ይኸንኑ መሆኑን ያወቅሁት ስልኬ የማላውቀው ሰው ሁሉ ሲሞላ ነው። የሰው እህል አስፈጪ፣ የሰው ዕቁብ ሰብሳቢ፣ የሰው አከራይ። «እማዬ» ሁለት ሆነች። አንድ ቀን እናቴ ጋ የደወልኩ መስሎኝ የሌላ ሰው እናት አነሱ። «ምነው ልጄ፣ ድምፅህ ጎረነነ? ብርድ መታህ እንዴ?» አሉኝ። ልጅዎ አይደለሁም ብላቸው ጭራሽ ደነገጡ፤ ስልኩን የሰረቅሁ መሰላቸው።

ሱቃችሁ መጥቼ ስናገር «ቁጥሩ እስካለ ምን ችግር አለው፣ ሁሉም ሱቅ እንዲህ ነው የሚሠራው» ተባልኩ። ችግሩ ይኸውላችሁ። አንድ ጂሜይል ላይ ያለ ቁጥር ሲንክ ስለሚሆን፣ እኔ የማላውቀውን ስም ባጠፋ ከባለቤቱም ስልክ ላይ ይጠፋል። እነሱም የኔን ሲያጠፉ እንደዚያው። አጥፍተዋልም፤ የደቅ ሰዎች ቁጥር ከሰሞኑ የለም። ጂሜይሉን ከስልኬ ላውጣው ብል ደግሞ የተረፈኝም አብሮ ይሄዳል። ነገ ስልኩ ተበላሽቶ ሪሴት ቢደረግ የሚጠይቀኝ የእናንተን ፓስወርድ ነው። በገንዘቤ የገዛሁት ስልክ ቁልፉ እናንተ ኪስ ነው ማለት ነው።

እንግዳ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚህ ጊዜ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ከመነሳቴ በፊት የምደውልላቸው አባት «ዘጌ ዑራ» ከሚሉት መካከል የትኛው እንደሆኑ ጠፍቶብኝ እንግዶቼን ጀልባ ማረፊያው ላይ አቁሜያለሁ። ከዚህም በላይ ስለ ግል ዳታ ጥበቃ የወጣ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የሰው ስምና ስልክ ቁጥር የግል ዳታ ነው። እኔን አምነው ቁጥራቸውን የሰጡኝ እንግዶች ለሱቃችሁ ደንበኛ ሁሉ እንዲበተን አልፈቀዱም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ሠራተኛችሁ ጂሜይሉን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ከኔ ጋር ይቀመጥ። መጀመሪያ ትራሹን እንይ፤ ጉግል የተሰረዘ ቁጥር እዚያ የሚያቆየው 30 ቀን ብቻ ስለሆነ ይህ ሥራ ቀጠሮ አይሰጠውም። የኔን መርጠን ወደ ራሴ ጂሜይል እናዛውር፣ ከዚያ ስልኬ ከእናንተው ጂሜይል ይውጣ፣ የኔ ቁጥሮችም ከዚያ ይጥፉ። ፎቶዎቼም አብረው ወጥተው እንደሆነ በዚያው እንየው። ሌሎቹን ደንበኞችም ጠርታችሁ ንገሯቸው፤ ቢያንስ እኒያ እናት ልጃቸው ቁጥሩን ያስተካክልላቸው።

እስከ ዓርብ ካልተጠራሁ አቤቱታዬን ለከተማው ንግድ መምሪያ ይዤ እሄዳለሁ። የምትደውሉበት ቁጥር ደረሰኙ ላይ አለ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ