ከቤታችን ጀርባ ያለው ግድብ የማን ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ቤት ግዢ የምታወጧቸውን ጽሑፎች ሁሌም አነባለሁ። ስለ ሞርጌጅ፣ ስለ ወለድ፣ ስለ ትምህርት ቤቶች ደረጃ ብዙ ተምሬባቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን እስካሁን አላየሁባቸውም። ሐይቅ ያለበት ሰፈር ቤት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ጋር ግድብም ይገዛል። ይህን ደግሞ ማንም አይነግረውም።

በመላው ቨርጂኒያ የተፈጥሮ ሐይቅ የሚባሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሌክ ድራመንድ እና ማውንቴን ሌክ። በየሰፈሩ የምናያቸው ሌሎቹ ሁሉ ሰው የሠራቸው ናቸው። አንድ ገበሬ ወይም ቤት ሠርቶ ሻጭ ድሮ ጅረቱን በአፈር ዘጋው፣ ውሃው ተጠራቀመ፣ ዙሪያውን ቤት ተሠራ። ቤቶቹ ተሸጠው ሲያልቁ ሐይቁም ግድቡም ለቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ለኤችኦኤው ይተላለፋል። ኤችኦኤው ማለት እኛው ነን። ግድቡን የመጠበቅና የማደስ ኃላፊነት በሕግ የባለቤቱ ነው እንጂ የካውንቲው አይደለም።

እኛ ሰፈር ያለው ግድብ የአፈር ነው። ሣር ለብሷል። ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል፣ ማታ ማታ ሰው ወክ ያደርግበታል። ግድብ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ማኅበሩ መሐንዲስ አስመጥቶ ሲያስመረምረው አብሬ ዞርኩ። ሰውየው መጀመሪያ የቆመው በግድቡ የታችኛው ፊት ላይ የበቀለ ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። እኛ ለጥላው እንወደዋለን። እሱ ግን ዛፉ ሲሞት ሥሩ እንደሚበሰብስና ባዶ የቀረው ቦታ ለውሃ መንገድ እንደሚሆን ነገረን። ትንሽ ወረድ ብሎ ግራውንድሆግ የሚባለው፣ እንደ ፍልፈል መሬት የሚምሰው እንስሳ የቆፈረው ጉድጓድ አገኘ። ክንዱን አስገባበት፤ እስከ ትከሻው ገባ።

ከዚያ ግርጌው ላይ ጫማችን የሚሰምጥበት ርጥብ ቦታ ደረስን። የውሃ ጠርሙስ አውጥቶ የሚያዠውን ውሃ ቀዳና ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው። የአፈር ግድብ ሁሉ ትንሽ ውሃ ያዣል፤ ያ በራሱ አያስደነግጥም አለን። የሚያስፈራው ውሃው ደፍርሶ ሲመጣ ነው። ደፍርሶ መጣ ማለት የግድቡን አፈር ከውስጥ እየሸረሸረ ነው ማለት ነው። የእኛው ጥርት ያለ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን። በግድቡ ሆድ ውስጥ የሚያልፈው የብረት ቱቦ ግን ዝጎ ጫፉ ተበሳስቷል። ቱቦው ካረጀ ውሃው ከጎኑ ወጥቶ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፣ ላይ ሣሩ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ምንም ሳይታወቀው።

ሪፖርቱ ብዙ አልጠየቀም። ዛፎቹ ይቆረጡ፣ ጉድጓዱ ይደፈን፣ ቱቦው ይታደስ፣ ሐይቁ ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ይጠረግ። ወጪው ለየቤቱ ሲካፈል ሰው ተቆጣ። ስብሰባው ተጠራ፣ ምልዓተ ጉባኤው ሳይሞላ ቀረ። ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ ባለበት ሰፈር ከእኛ የመጣው በጣት የሚቆጠር ነው። ሰው ሁለት ሥራ እየሠራ መሆኑን አውቃለሁ። ከኤችኦኤ የሚመጣውን ፖስታ ማስታወቂያ መስሎን እንደምንጥለውም አውቃለሁ። ግን ለዓባይ ግድብ ቦንድ የገዛን፣ ስንት ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ያዘ እያልን ዓመቱን ሙሉ ስንከታተል የኖርን ሰዎች ነን። ከቤታችን ጀርባ ስላለው እንዴት አንጠይቅም?

ትንሽ የመዝናኛ ግድብ ምን ያደርጋል የሚል ካለ የጆንስታውንን ታሪክ ያንብብ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከከተማው በላይ ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር። መጀመሪያ ለጀልባ ቦይ ውሃ እንዲያቀርብ የተሠራ ነው። በኋላ የሀብታሞች የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብ ገዛው። እነ አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ፍሪክ አባላት ነበሩ። ከግርጌው ውሃ ያፈሱ የነበሩት ቱቦዎች ቀድሞ ተነቅለው ተሽጠዋል፤ ክበቡ መልሶ አላስገባቸውም። ሠረገላ እንዲያልፍበት የግድቡን አናት ዝቅ አደረገው። ዓሣው እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ዘረጋ። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ ያመጣው ግንድና ቅጠል ወንፊቱን ደፈነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ በአናቱ ፈሰሰና ግድቡን ናደው። 2,209 ሰው አለቀ። ክበቡን ከስሶ ካሳ ያገኘ ሰው አልነበረም። ይህን ሳነብ የማልረሳው ወንፊቱን ነው። ማንም ሰው ለመግደል አላሰበም። ዓሣ እንዳያመልጥ ነበር የፈለጉት።

የ1889 ነገር ሩቅ ከመሰለ ጆርጂያን እንይ። ቶኮዋ ከሚባለው ከተማ አጠገብ፣ ከአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በላይ፣ ኬሊ ባርንስ የሚባል ትንሽ ግድብ ነበር። ድሮ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር፤ ያ ከቀረ በኋላ ለመዝናኛ ብቻ ተተወ። ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ተደረመሰ። 39 ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ያኔ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር፣ ራሳቸው የጆርጂያ ሰው፣ በየስቴቱ ያሉ አደገኛ ግድቦች እንዲፈተሹ አዘዙ። ጆርጂያም በቀጣዩ ዓመት የግድብ ደኅንነት ሕግ አወጣች። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር፤ ሕጉ የመጣው ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው።

በጎውን ምሳሌ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ከቤይሊስ ክሮስሮድስ አለፍ ሲል ስንቶቻችን በየቀኑ በሌክ ባርክሮፍት አጠገብ እንነዳለን። ግድቡ በ1915 ለአሌክሳንድሪያ የመጠጥ ውሃ ተሠርቶ በኋላ የግል ሰፈር ሐይቅ ሆነ። በ1972 አግነስ የሚባለው ማዕበል ሲመጣ ጎርፉ የአፈሩን ክፍል ጠርጎት ሐይቁ ባዶ ቀረ። ነዋሪዎቹ ተጨቃጭቀው አልተበተኑም። በስቴቱ ሕግ መሠረት የራሳቸውን የተፋሰስ ወረዳ አቋቁመው፣ በራሳቸው ላይ ግብር ጥለው ግድቡን መልሰው ሠሩት። ዛሬም ከፍለው ይጠብቁታል። ከግድቡ በታች ሆምስ ረን ወደ አሌክሳንድሪያ ይወርዳል፣ በአፓርትመንቶች መካከል ያልፋል። እዚያ የሚኖረው የእኛ ሰው ብዙ ነው። ሐይቁ ላይ ጀልባ የለውም፣ በስብሰባውም ድምፅ የለውም። እንቅልፉ ግን ላይ ባሉት ሰዎች እጅ ነው።

በእኛም ሰፈር የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሐይቁን የምናየው እኛ ነን፤ ውሃው ቢመጣ የሚመጣው ግን ታች ባሉት ላይ ነው። በስብሰባው አንድ ጎረቤቴ «ግድቡ ሲሠራ ታች እርሻ ነበር፣ ቤት ሥሩ ያልናቸው እኛ አይደለንም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ታች ቤት ሲበዛ የግድቡ የአደጋ ደረጃ ከፍ ይላል፣ ሕጉም ትልቅ ጎርፍ የሚያስተላልፍ ማስተንፈሻ ይጠይቃል፣ ወጪውም ባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ፍትሐዊ አይመስልም፤ ለአቅመ ደካማ ማኅበራት ስቴቱ ከዚህ የበለጠ ማገዝ አለበት ብዬም አምናለሁ። ግን ታች የተኙት ልጆች ይህን ክርክር እስክንጨርስ ሊጠብቁ አይችሉም።

«ከፍተኛ አደጋ» የሚለውን ምድብ ሰምተው የሚደነግጡም አሉ። ምድቡ ግድቡ ሊፈርስ ነው ማለት አይደለም። ቢፈርስ ሰው ይሞታል ማለት ነው። ጠንካራ ግድብም በዚህ ምድብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሕጉ ሥር ላለ ግድብ ስቴቱ እስከ ስድስት ዓመት የሚያገለግል የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ጊዜው አልፏል ወይስ አላለፈም? የመጨረሻው የምርመራ ሪፖርት ምን ይላል? ማኅበሩ ለግድቡ ያስቀመጠው ገንዘብ አለው? ከግድብ በታች የምትኖሩ ደግሞ፣ ተከራይም ብትሆኑ፣ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን እንደማይሸፍን እወቁ። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል፣ ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ዝናቡ ሲመጣ አይገዛም።

ለአዘጋጁ የማቀርበው ልመና አንድ ነው። በዚህ አካባቢ በየካውንቲውና በየኩባንያው የሚሠሩ የሐበሻ ሲቪል መሐንዲሶች ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱን ጋብዛችሁ የኤችኦኤ ሪፖርት እንዴት እንደሚነበብ በአማርኛ ቢጽፉልን። የእኛ ሰፈር ስብሰባ በሚቀጥለው ወር እንደገና ተጠርቷል። ከዚያ በፊት ቢወጣ ጋዜጣውን ይዤ በየቤቱ አንኳኳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ