ጉማሬው በየት ይለፍ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ያደግሁት ጣና ዳር ባለው የቡና አገር፣ ዘጌ ነው። ዘጌ መሬቱ በበሬ አይታረስም። ቡናው ሥር ያለው አፈር ሳይገለበጥ ስለሚኖር ሌሊት ያለፈው አውሬ ጠዋት ይታወቃል። አባቴ ቡና ለቀማ ስንሄድ ከፊት ያስቀድመኝና «ይሄ የማን ነው?» ይለኝ ነበር። የጅብ ጥፍሩ ይታያል፤ የፊት እግሩም ከኋላው ይሰፋል። ሸለምጥማጥ እንደ ድመት ጥፍሩን ሰብስቦ ነው የሚረግጠው። ስሳሳት መልሱን አይነግረኝም፤ ቁጢጥ ብዬ እንደገና እንዳይ ያደርገኝ ነበር።

አሁን የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ብዙም ሳልርቅ ነው። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ ዳሩ ላይ ጭቃ ይቀራል። ከልጅ ልጄ ጋር ጠዋት ጠዋት እንወጣለን። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ሳለ ጥላ ስለሚወድቅበት ዱካው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ረፈድ ሲል ይጠፋል።

ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል። ዱካው አራት ጣት አለው፤ ከስንዝሬ ይሰፋል። የግራና የቀኝ እግሩ ስለሚራራቅ መንገዱ ሁለት ቦይ ይሠራል፣ መሃሉ ላይ ሣሩ ሳይረገጥ ይቀራል። ያንኑ መንገድ ደግሞ ደጋግሞ ይመላለስበታል።

ባለፈው ቅዳሜ ያንን ቦይ ተከትለን ስንሄድ አዲስ የቆርቆሮ አጥር ገጠመን። ቦዩ አጥሩ ሥር ሲደርስ ቁርጥ ይላል። እዚያ ጋ ጭቃው ተቦክቷል፤ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቷል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ ሰው ውሃ የሚቀዳበትን መንገድ ይዟል። ልጅቷ ቁጢጥ አለችና «አባባ፣ ይሄን እዩ» አለችኝ። ጉማሬው የረገጠው ጉድጓድ ውስጥ የትንሽ ልጅ የኮንጎ ጫማ ዱካ አርፏል። አጠገቡ ያለውን፣ ልጁ ያልረገጠውን ዱካ አየሁት። የቋጠረው ውሃ ገና ድፍርስ ነበር። ጉማሬው ካለፈ ብዙም አልቆየም። ሰውነቴን ወረረኝ።

ጉማሬ ክፉ ሆኖ አይደለም። ወደ ውሃው የሚመለስበት ሲዘጋበት ግን ፊቱ ያገኘውን ይመታል። ጣና ከነዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተጠባብቀው የሚኖሩበት ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። እኔ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ዳር ላይ ቦታ ለክቶ የሚሰጥ ሰው ሜትሩን ከመዘርጋቱ በፊት አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ መጥቶ ጭቃውን ይይ። እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ያ አጥር ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቢል መንገዱ ይከፈታል።

ለሰፈሩ እናቶች ልጆቹን በደንብ ሳይነጋ ውሃ እንዳይልኩ ነግሬያለሁ። ዛሬ ጠዋትም ሄጄ ነበር። ዱካው አሁንም በልጆቹ መንገድ ላይ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር