የክበባት ዘገባ፦ የመልካም ጠባይ ክበብ በብርድ ወራት

ሌሎቹ ክበባት ዓመቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዘግባሉ። የእኛ ዘገባ ግን በአብዛኛው የሦስት ወር ነው፤ የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር። በዓመቱ መጀመሪያ አባላት መዘገብን፣ ጸሐፊ መረጥን፣ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፍን። ይህን ሁሉም ክበብ ያደርገዋል። እኛ የምር ሥራ ያገኘነው ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጆቹ ሲተነፍሱ ከአፋቸው እንፋሎት መውጣት ሲጀምር ነው።

ልጅ ሲሞቀውና ሲመቸው ደግ መሆን አይከብደውም። ጣቱ ደንዝዞ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ከኋላው ያለው ሲገፋውስ? ጠባይ የሚታየው እዚያ ጋ ነው፤ የሚሠራውም እዚያው ነው። በየወሩ አንድ በጎ ባሕርይ መርጠን ሰልፍ ላይ እንድናነብና በሥዕል አስጊጠን እንድንለጥፍ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ አድርገነዋልም። ግን አንዲት የ5ኛ ክፍል አባል ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ «ደግነት ብለን ለጠፍን፤ አሁን ምን እንሥራ?» አለች። የዓመቱን ዕቅድ ያወጣልን ይህ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ሥራችን ዚፕ ነበር። የ1ኛ ክፍል ልጅ ጃኬት ለብሶ ይመጣል፣ ክፍል ገብቶ ያወልቃል፣ ዕረፍት ሲደወል መልሶ መልበስ አለበት። ጣቶቹ በርዷቸዋል፣ የዚፑ ጫፍ አልገጥም ይለዋል። አንዲት መምህርት የክፍሉን ልጅ ሁሉ ዚፕ ልዝጋ ብትል ዕረፍቱ ያልቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የ5ኛ ክፍል አባል አንድ ታናሽ ከ1ኛ ክፍል ሰጠነው። ደወል ሲደወል ታላቅየው ወደ ታናሹ ክፍል ይሄዳል፣ አስለብሶት አብረው ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ያስተዋሉት ነገር አለ። አንዲት አባላችን በጣም ቀልጣፋ ናት። የታናሿን ዚፕ በአንድ ትንፋሽ ትዘጋና የሌሎችንም ጨምራ ትመለሳለች። ሌላው አባል ደግሞ ዝግ ያለ ልጅ ነው። የዚፑን ታችኛ ጫፍ ብቻ ያገጥምና «አሁን አንተ ሳበው» ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ኅዳር ሳያልቅ የዝግተኛው ልጅ ታናሽ ብቻውን መልበስ ቻለ። የቀልጣፋዋ ታናሽ ግን አሁንም አንገቱን ቀና አድርጎ እሷን ይጠብቃል። ልጆቹ ይህንን ስብሰባ ላይ አነሱት፤ ማንም አልተወቀሰም፣ ክርክሩ ግን ረዘም ያለ ነበር። አንዱ «መርዳት ማለት እሱ እንዲችል ነው ወይስ እንዳይበርደው ነው?» አለ። ሁለቱም ነው ተባለና ደንብ ወጣ፤ ታላቅ ይጀምራል፣ ታናሽ ይጨርሳል፣ በጣም የበረደ ቀን ብቻ ታላቅ ይጨርሳል። ይህን ደንብ ያወጡት የአሥርና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች መሆናቸውን ወላጆች እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ወደ ሹራቡ ልምጣ፤ ክበቡ በጣም የተቸገረበትም፣ በጣም ያደገበትም ጉዳይ እሱ ነው።

በብርድ ወራት ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ደመና ሲኖር ምድር ሌሊት ከምትለቀው ሙቀት ከፊሉን ወደ ታች ይመልሰዋል። ደመና ከሌለ ሙቀቱ ሽቅብ ይሄዳል፣ ሊነጋ ሲል ብርዱ ይጠናል፣ አንዳንዴም ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ያው ጥርት ያለ ሰማይ ቀን ላይ ፀሐዩን ያለ ከልካይ ያወርደዋል። ስለዚህ ጠዋት ተጀቡኖ የመጣ ልጅ ረፋድ ላይ ይሞቀዋል፣ ሹራቡን ያወልቃል፣ አጥር ላይ ወይም ሜዳው ዳር ይጥለዋል፣ ደወል ሲደወል ሮጦ ይገባል። ከሰዓት በኋላ የጽዳት ሠራተኞቻችን ሹራቡን እየሰበሰቡ ካርቶን ውስጥ ይከታሉ። ካርቶኑ ይሞላል። ሹራቡ ሁሉ ዩኒፎርም ስለሆነ ቀለሙ አንድ ነው። «የኔ ነው»፣ «አይደለም የኔ ነው» ሲባል ማን ይፍረድ?

አባላቱ መዝገብ አዘጋጁ። የት ተገኘ፣ መቼ ተገኘ፣ ማን ወሰደ። ወሳጁ ይፈርማል። ልጆች ሲፈርሙ ማየት ደስ ይላል፤ ብዕሩን ይዘው ፊታቸው ኮስተር ይላል፣ «እርግጠኛ ነህ ያንተ ነው?» ሲባሉም አገላብጠው ያያሉ። «ይቅርታ፣ የኔ እጅጌው ላይ ቀዳዳ አለው» ብሎ መልሶ ያስቀመጠ ልጅም አይቻለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ ሐቀኝነት አንድ ሰዓት ብናስተምር ይህን ያህል አንደርስም ብዬ አምናለሁ።

ግን ባለቤት ያልመጣላቸው ሹራቦች ቀሩ። ሳምንታት አለፉ። ማስታወቂያ ተነገረ፣ ክፍል ለክፍል ተዞረ። በመጨረሻ አባላቱ «ሹራብ ለሌላቸው ልጆች እንስጥ» አሉ። ሁሉም ተስማማ፤ ሰልፍ ላይ ይሰጥ፣ ይጨብጨብ ተባለ። ያኔ ብዙም የማይናገር አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ «ሰልፍ ላይ ስሙ ተጠርቶ ሹራብ የተሰጠው ልጅ፣ በማግስቱ ለብሶት ይመጣል?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ይዞር ጀመር። በድብቅ በመምህራን በኩል ይሰጥ ያሉ ነበሩ። «ባለቤቱ ድንገት አይቶ የኔ ነው ብሎ በሰው ፊት ቢያስወልቀውስ?» የሚል መጣ። ወላጅ ተጠርቶ ይሰጥ ተባለ፤ «እናቴ ብትሆን ታዝናለች» ያለች ልጅ አለች። እኔ መፍትሔ ለማቅረብ አልቸኮልኩም። ልጆች ስለ ሌላ ሰው ክብር እንዲህ አጥብቀው ሲያስቡ መምህር ሮጦ መልስ ባይሰጥ ይሻላል። በመጨረሻ የመጣው ሐሳብ ይኸው ነው፦ በየክፍሉ መስቀያ ላይ ሁለት ሦስት ሹራብ ይሰቀል፣ ስሙ የክፍል ሹራብ ይባል፣ የበረደው ማንኛውም ልጅ ይልበስ፣ ሲጨርስ ይመልስ። የራሱን ረስቶ የመጣም፣ በዝናብ የረጠበበትም፣ የሌለውም እኩል ይለብሳል። የሌለው ልጅ ከቀን ወደ ቀን ቢለብሰው ማንም አይቆጥርም። መጀመሪያ ላይ ማንም አልነካውም። የክበቡ አባላት ይህን አይተው የራሳቸውን ሹራብ ቦርሳ ውስጥ እየከተቱ የክፍሉን መልበስ ጀመሩ። ሳምንት አልቆየም፤ መስቀያው ጠዋት ጠዋት ባዶ ይሆን ጀመር።

ጉንፋንም ሥራ ነበረው። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። በብርድ ጊዜ መስኮት ዘግተን ተጠጋግተን ስለምንቀመጥም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመተላለፍ ይመቸዋል። ስለዚህ አባላቱ ዕረፍት ሲሆን መስኮት ይከፍታሉ፣ ትንንሾቹን ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ያስታጥባሉ፣ ሲያስሉ አፋቸውን በክርናቸው እንዲሸፍኑ ያሳያሉ። የቀረ ልጅ ካለ አጠገቡ የሚቀመጠው ኖት ይገለብጥለታል። አንድ ነገር ግን አስቸገረን፤ አፍንጫው በሚፈስ ልጅ ላይ መሳቅ። እዚህ ላይ ክበቡ ስብከት አልሞከረም። የክፍል አለቆቹ ከመምህር ጠረጴዛ ላይ ሶፍት እንዲቀመጥ ጠየቁ፣ የፈለገ ሳያስፈቅድ ተነስቶ ይወስዳል። ሳቁ ሙሉ በሙሉ ጠፋ አልልም፤ በጣም ቀንሷል።

በጣም ነፋሻ በሆኑ ቀናት ዕረፍቱ ክፍል ውስጥ ነበር። ስለዚህ ብዙ የሚወራ የለም፤ ጨዋታ፣ ጫጫታ፣ ኩርፊያ፣ እርቅ። «ማን ጀመረ?» ከማለት ይልቅ «አሁን ምን ይሁን?» ብለን መጠየቅ ለምደናል።

ጥር ላይ የመንፈቀ ዓመት ፈተና ደረሰ፣ ከፈተና ጋር ኩረጃ መጣ። አንድ ልጅ ነበር፤ ሜዳ ላይ ያገኘውን ገንዘብ ሮጦ አምጥቶ ያስረከበ። ያው ልጅ በሒሳብ ፈተና ደብተር ገልጦ ተገኘ። «ያ ሁሉ ለታይታ ነበር» ያሉ ነበሩ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሂዩ ሃርትሾርንና ማርክ ሜይ የተባሉ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጡት ሥራ ያስተማረን ነገር አለ፤ ልጆች ታማኝና አታላይ ተብለው በሁለት ጎራ አይከፈሉም፣ አንድ ቦታ ታማኝ የሆነ ልጅ ሌላ ቦታ ላይሆን ይችላል። ልጁ ገንዘቡን ሲመልስ እውነተኛ ነበር። ፈተናው ላይ ደግሞ ፈርቶ ነበር። ስለዚህ ሐቀኝነትን ለሜዳም፣ ለፈተናም፣ ለጨዋታም ለየብቻ ማለማመድ አለብን።

ለፈተናው ያደረግነው ይህን ነው። ልጆቹ ብዙ ጊዜ የሚያስኮርጁት ጓደኛ እንዳይቀየማቸው ነው። ስለዚህ አንድ መልስ አብረን ተለማመድን፦ «አሁን አልነግርህም፣ ቀድመን አብረን እናጥና።» ቃሉ እንዳይታጠፍም ፈተናው ከመድረሱ በፊት ከትምህርት ሰዓት ውጪ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ያጠኑ ነበር። ውጤት ሲመለስ ደግሞ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ማርክ ጨምረውልኛል» ብለው ወረቀታቸውን ይዘው የመጡ ልጆች ነበሩ። መምህራኑ ማርኩን አስተካክለው፣ ልጆቹን በክፍሉ ፊት ሳይሆን ለብቻቸው አመሰገኑ። እንዲህ እንዲሆን ክበቡ ቀድሞ ጠይቆ ነበር።

አሁን ወላጆች ደጋግመው ወደጠየቁኝ ጥያቄ፦ ለምን ሰርተፊኬት አትሰጡም? ለምን ኮከብ አይለጠፍም? አስበንበት ነው የተውነው። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ወሰዱ። ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው፤ ሸለሟቸውም። በኋላ በነፃ ጨዋታ ጊዜ በሥዕል ላይ ትንሽ ጊዜ ያጠፉት እነዚህ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ናቸው። ሳይነገራቸው ድንገት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። እኛ ዘንድ ልጆቹ ዚፕ መዝጋቱን ወደውታል። የተወደደ ነገር ላይ ዋጋ መለጠፍ አልፈለግንም።

ማመስገኑን ግን አልተውንም፣ አብዝተነዋል። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የ5ኛ ክፍል ልጆችን ከፊሎቹን በብልህነታቸው፣ ከፊሎቹን በጥረታቸው አመሰገኑ። ከዚያ ከባድ ጥያቄ ሲሰጣቸው በብልህነታቸው የተመሰገኑት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ እንዲጽፉ ሲጠየቁም ጨምረው የጻፉት በብዛት እነሱ ነበሩ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ልጆቹን ያደረጉትን ነገር ጠርቼ ነው የማመሰግናቸው፦ «ታናሽህን እስኪጨርስ ጠበቅከው፣ አይቼሃለሁ።» ቤት ውስጥም እንዲህ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

ለቀጣዩ ዓመት የወሰንነው ጥቂት ነው። የ5ኛ ክፍል አባሎቻችን ወደ 6ኛ ስለሚያልፉ የታላቅነቱን ሥራ የዘንድሮ 4ኛዎች ይረከባሉ፤ ከዓመቱ ማብቂያ በፊት አብረው እየዞሩ እየለመዱ ነው። የሹራቡን መዝገብ የ3ኛ ክፍል ልጆች እንያዝ ብለው ጠይቀዋል፣ ተፈቅዶላቸዋል። ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር አግዙን፦ ኅዳር ከመግባቱ በፊት የልጃችሁን ስም ሹራቡ አንገት ውስጥ በክር ጥለፉ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈው ሲታጠብ ይለቃል። ልጁ በመርፌ መሥራት ከቻለም ራሱ ይጥለፈው። ትርፍ ሹራብ ያላችሁ ለክፍል መስቀያ ላኩልን፤ የማን እንደሆነ አንጽፍበትም። አባል መሆን የምትፈልጉ ተማሪዎች በየክፍላችሁ አለቃ በኩል ተመዝገቡ፣ ከ2ኛ ክፍል ጀምሮ እንቀበላለን።