ለሰብልዬ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰብልዬ እንዴት ነሽ?

3 ዓመት። የእማማን ለቅሶ እንኳ ሳልደርስ፣ ስልክም ሳልደውል። ቁጥርሽን አውጥቼ ስንቴ እንደተውኩት እግዜር ያውቃል። አርባው ካለፈ በኋላ ደግሞ "አሁን ምን ብዬ" ስል ጊዜው ነጎደ። ይቅር በይኝ። እሱን ከጀመርኩ ማልቀስ ነው፣ ዋናውን ሳልነግርሽ ይነጋል።

የናቲ ነገር ነው የሚያስጽፈኝ። 15 ዓመት ሞላው ብልሽ ታምኛለሽ? ያ ለእረፍት ስንመጣ አንቺ ጀርባ ላይ ካልሆነ አልተኛም ያለው! አሁን ቁመቱ እኔን ጥሎኝ ሄዷል።

ባለፈው ሳምንት ለክረምት ሥራ ፎርም ሲሞላ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዘር የሚለው ጋ ሲደርስ "ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ" ላይ ምልክት አደረገ። አፌ አላስቻለኝም። "አንተ እኮ ሐበሻ ነህ፣ ሌላ የሚል የለውም?" አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እማ፣ ሱቅ ውስጥ ጥበቃው ሲከተለኝ ሐበሻ ነህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነው?"

"መቼ ነው የተከተለህ?"

"የትኛውን ጊዜ?" አለኝ።

እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ላንቺ ካልተናዘዝኩ ለማን እናዘዛለሁ። እኔ እኮ ነኝ ያስተማርኩት። "ከጥቁሮቹ ጋር አትግጠም" እያልኩት ነው ያደገው። ቡና ላይ ስንሰበሰብም ወሬያችን ይኸው ነው። እኔ ሥራ ሳድር ናቲን እራት አብልተው የሚያስተኙት ግን ጎረቤቴ ነበሩ። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፣ 70 አልፏቸዋል። አንድ ቀን ሳንቲም ተቀብለውኝ አያውቁም። በፈረንጆቹ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድሎ እዚህ ዋሽንግተን ዩ ስትሪት ሲቃጠል በልጅነታቸው አይተዋል። ዛሬ እኛ ክትፎ የምንበላበት ሰፈር ማለት ነው። እሳቸው ደጅ ቁጭ ብለው ስንቴ እንዲህ እንዳወራሁ ሳስበው ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ለነርስነቱ ሶሲዮሎጂ ግዴታ ስለሆነ ማታ ማታ እማራለሁ። ስድስት ኪሎ እያለሽ ሌሊቱን ሙሉ እያነበነብሽ እንቅልፍ የነሳሽኝ ሁሉ አሁን ተመልሶ መጣብኝ! ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱ ቦይስ በፈረንጆቹ 1903 የጻፈውን አነበብን። ጥቁር አሜሪካዊ ራሱን በሚንቁት ሰዎች ዓይን ጭምር እያየ ይኖራል ይላል፤ ባንድ ገላ ሁለት ነፍስ ተሸክሞ። መምህራችን ደግሞ ሜሪ ዋተርስ የምትባል ሶሲዮሎጂስት ኒው ዮርክ ያሉ ጥቁር የካሪቢያን ስደተኞችን አጥንታ ያገኘችውን ነገረችን። ወላጆቹ "እኛ እንደነሱ አይደለንም" ይላሉ፤ በአነጋገራቸው ስለሚለዩም ትንሽ ያዋጣቸዋል። እዚህ ያደገ ልጅ ግን አነጋገሩ አይለየውም። ክፍል ውስጥ እንባዬ መጣ። ለካ እኔን ሲጋርደኝ የኖረው የሐበሻ እንግሊዝኛዬ ነው። እሱን ደግሞ ለልጄ ላወርሰው አልችልም።

የ2020 ሕዝብ ቆጠራ ፎርም ትዝ አለኝ። "ጥቁር" ከሚለው ሥር የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ነበረው። በምሳሌነት ከተዘረዘሩት አንዱ "ኢትዮጵያዊ" ነበር። ያኔ ስማችን ተጻፈ ብዬ ደስ አለኝ፤ ከምን ሥር እንደተጻፈ ልብ አላልኩም።

ናቲን ይቅርታ ልጠይቀው ነው። ግን ከየት ልጀምር? ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ እኔም አንቺም አላየን። ስለ ጆን ሮቢንሰን ልነግረው አሰብኩ። ጣሊያን ሊወረን ሲል በፈረንጆቹ 1935 መጥቶ ለጃንሆይ አውሮፕላን ያበረረው ጥቁር አሜሪካዊ። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ የኛን ልጆች በረራ አሠልጥኗል። በ1954 እዚያው አዲስ አበባ ሞተ። ሚሲሲፒ ያደገ ሰው ጉለሌ አፈር ለበሰ። እሱ "እኔ እንደነሱ አይደለሁም" አላለንም።

ሰብልዬ፣ መቃብሩን ፎቶ አንስተሽ ትልኪልኛለሽ? ለናቲ ላሳየው። ዘበኛው ካስቸገረሽ እንደ ድሮው አፍሽን ፍቺበት፣ ላንቺ ማን በር ይዘጋል! እማማ ጋ ስትሄጂ ደግሞ ለኔ አንድ ጧፍ አብሪልኝ።

ሐሙስ እረፍት ነኝ። እኔ እደውላለሁ። ብትቆጪኝም አንሺው።

ያንቺው