አንገትሽን ሐኪም ይየው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ትናንት በስልክ «አባዬ፣ ጥፋቱ መኪናዬን የገጨችው ሴትዮ ነው። የሷ ኢንሹራንስ እስኪከፍል እታገሳለሁ» ካልሽኝ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንገትሽ አልዞር እያለ ምኑን ነው የምትታገሺው?

በቴሌግራም የላክሽልኝን የኢንሹራንስ ውል ኢንሹራንስ ቤት ይሠራ ከነበረው ጓደኛዬ ጋር አራት ኪሎ ቁጭ ብለን አነበብነው። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስትሽ ልጅ የነገረችሽ እሷ ላለችበት ይሠራል። እዚያ እንደኛው አገር የገጨው ነው የሚከፍለው። አንቺ ያለሽበት ሚኒሶታ ግን ከ1975 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ «ኖ ፎልት» የሚሉት ሕግ አለ። ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ የሚያሳክመው የራሱ ኢንሹራንስ ነው። ማን ገጨ፣ ማን ተገጨ አይባልም። ሕጉ ቢያንስ የ40,000 ዶላር ሽፋን እንዲኖርሽ ያስገድዳል፤ ግማሹ ለሕክምና፣ ግማሹ ከሥራ ስትቀሪ ለሚጎድልብሽ ገቢና ለመሳሰለው። በየወሩ የምትከፍዪው ለዚህ ነው። ታዲያ የሰው ደጅ ለምን ትጠኛለሽ?

ደጅ መጥናቱን እኛ እናውቀዋለን። አምስተኛ ክፍል ሳለሽ ቸርችል ጎዳና ቁልቁለቱ ላይ ሚኒባስ ከኋላ ገጭቶን አልነበር? ትራፊክ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ መኪናው ንክች አይልም ተባለ። እናትሽ ጉልበቷን በነጠላዋ አስራ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ «ድንገት ፍሬን ያዘብኝ» ብሎ ድርቅ አለ። የሦስተኛ ወገን መድን ለድንገተኛ ሕክምና የሚከፍለው ያኔ እስከ 2,000 ብር ነበር። እሱም በራጅና በመድኃኒት አለቀ። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር መልሱ «ጥፋተኛው ይለይ» ነበር። ወራት አለፉ። ጉልበቷ ግን መዝገብ እስኪዘጋ አልጠበቃትም። ዛሬም ደረጃ የምትወጣው ግድግዳ ይዛ ነው።

ለዚህ ነው የእናንተን ሕግ የወደድኩት። አካል ይቅደም፣ ክርክሩ ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቺ። «ኖ ፎልት» ማለት ጥፋተኛ የለም ማለት አይደለም። ለመኪናሽ አሁንም ጥፋተኛው ይፈለጋል። ስለዚህ የፓራውልቱን ፎቶና የፖሊሱን ሪፖርት እንዳትጥዪ። ለደረሰብሽ ሥቃይ ካሳ ልክሰስ ካልሽ ደግሞ ሕጉ ገደብ አለው፦ የሕክምናው ወጪ ከ4,000 ዶላር ማለፍ አለበት፣ ወይም ጉዳቱ ዘላቂ መሆን፣ ወይም 60 ቀንና ከዚያ በላይ የዕለት ተዕለት ተግባርሽን እንዳትሠሪ የሚያደርግ መሆን አለበት። እያንዳንዷን ደረሰኝ አስቀምጪ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ለራስሽ ኢንሹራንስ ደውዪ። የጉዳይሽን መለያ ቁጥር ይሰጡሻል። ቁጥሩን ይዘሽ ክሊኒክ ሂጂና የመኪና አደጋ መሆኑን ንገሪያቸው። ከሥራ ብትቀሪም ቅሪ።

ለእናትሽ ገና አልነገርኳትም። ሐኪሙ ያለሽን ስትልኪልኝ እነግራታለሁ።

አባትሽ
ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ