ሽፈራውን ጠጡ፣ ክኒኑን ግን አትተዉ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጅማ የምኖር የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። የጤና አምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ዛሬ የምጽፈው ግን በዚህ የ«አንቲኦክሲዳንት» ወሬ አንጀቴ አርሮ ነው። አንቲኦክሲዳንት ማለት ፍሪ ራዲካልን፣ ማለትም ሲበዛ ሴልን የሚጎዳ ቁጡ ሞለኪውልን፣ የሚያከሽፍ ንጥረ ነገር ነው።

ህርማታ ገበያ ብትወጡ ሽፈራው በዱቄት፣ ጥቁር አዝሙድ በዘይት፣ እርድ ተጨምቆ በጠርሙስ ይሸጣል። ይሸጥ፤ እኔም እገዛለሁ። አንዱ ሻጭ ግን ለጎረቤቴ «በላብራቶሪ የተረጋገጠ ነው፣ ፍሪ ራዲካል ያጠፋል» ብሎ ጠርሙስ ካስያዛቸው በኋላ፣ የስኳር ክኒናቸውን እንዲተዉ መክሯቸዋል። እሳቸውም ተዉት። እንደገና ያስጀመራቸው የልጃቸው ጭቅጭቅ ነው፤ የእኔን ኬሚስትሪማ ማን ሰምቶ!

ያ «ላብራቶሪ» ብዙ ጊዜ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዲፒፒኤች የሚባል ራዲካል አለ፤ ሲሟሟ ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል። የተክሉ ጭማቂ ሲጨመርበት ወደ ቢጫ ከተለወጠ፣ ጭማቂው አንቲኦክሲዳንት አለው ይባላል። ርካሽና ጥሩ ፈተና ነው። ግን የጀበና ቡናችንም ያልፈዋል! ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል አንቲኦክሲዳንት አለዋ። ሻይም ያልፋል።

ሰውነት ውስጥ ነገሩ ይወሳሰባል። እርዱ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የሚባል ንጥረ ነገር አብዛኛው ደም ውስጥ ሳይገባ ይወጣል። የእነዚህ ቅመሞች ጥቅም ምናልባት ሴሉን በጥቂቱ ቆንጠጥ አድርገው፣ እንደ ግሉታታዮን ያለ የራሱን መከላከያ እንዲያመርት ማንቃታቸው ይሆናል። ደግሞ ነጭ የደም ሴሎቻችን ጀርም ሲገድሉ የሚጠቀሙት ይህንኑ የሚወገዝ ፍሪ ራዲካል ነው። ጠራርገን ብናጠፋው ማን ይጠብቀናል?

«ቢበዛስ ምን ይጎዳል» የሚሉ አሉ። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ውጤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ወጣ። ካሮት ውስጥ የሚገኘውን ቤታ ካሮቲን የሚባል አንቲኦክሲዳንት በክኒን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ካሮት መብላትን ማንም አልከሰሰም፤ የተከሰሰው ተነጥሎና በዝቶ የተዋጠው ነው። ስለዚህ እርዱን ወጥ ውስጥ፣ ሽፈራውን ከምግብ ጋር፣ ቡናውን በወጉ። ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ማንኛውንም ጭማቂ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። «ይህ ቅጠል ካንሰር ይከላከላል» ብላችሁ ስትጽፉ፣ የተሞከረው በብልቃጥ፣ በአይጥ ወይስ በሰው እንደሆነ፣ መጠኑስ ስንት እንደነበር አንድ መስመር ጨምሩልን። ማስታወቂያ ስትቀበሉም ይኸው ጥያቄ ይቅደም።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጅማ